ከእምባቦ እስከ ዐድዋ፦ ሁለት ንጉሦችና የፉክክራቸው ዋጋ

በግንቦት 1874 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ከዐባይ በስተደቡብ፣ በሆሮ ጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ በተባለ ስፍራ ሁለት የኢትዮጵያ ንጉሦች ጦር ገጠሙ። አንዱ የሸዋው ምኒልክ፣ ሌላው የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ሁለቱም የአንድ ንጉሠ ነገሥት፣ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ተገዥዎች ነበሩ። ቀኑ ሲመሽ የጎጃም ጦር ተሰብሮ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው በተፎካካሪያቸው እጅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ዐድዋ አጠገብ በአንድ ሰፈር ነበሩ፤ ጦራቸውም በአንድ አዝማች ጥላ ሥር ወደ አንድ ጠላት ዞሮ ነበር።

በሁለቱ ቀኖች መካከል የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይታለፋል፦ የአገር ፍቅር። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን አይበቃም። የውጭ ጠላት ሲመጣ ተፎካካሪዎች ቂማቸውን ረስተው ይተባበራሉ የሚለው ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በ1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ይኸው ትብብር መታየት ነበረበት። አልታየም። እንዲያውም በዚያ ዓመት የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱ ንጉሦች የተስማሙት በወራሪው ላይ ሳይሆን በገዛ ንጉሠ ነገሥታቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ምኞታቸውም ያው ነው። በ1880 ያልሠራው በ1888 የሠራው ስለ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የተፎካከሩበትን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ከጊቤ ወንዝ ማዶ ያሉት አገሮች፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ጅማ፣ ከእነርሱም ባሻገር ከፋ፣ በዚያ ዘመን የንግዱ ምንጭ ነበሩ። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ቡናው፣ በሚያሳዝን መንገድም ባሪያው ከዚያ ይመጣ ነበር። ዕቃው ወደ ባሕር የሚደርስበት መንገድ ግን አንድ አልነበረም። አንዱ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም፣ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወጣል። ሌላው በሸዋ፣ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ ወይም ወደ ታጁራ ይወርዳል። የመንገዱ ጌታ ቀረጡን ይሰበስባል፤ በቀረጡም ጠመንጃ ይገዛል፤ በጠመንጃውም ጎረቤቱን ያስገብራል። ለአንዱ የተከፈተ መንገድ ለሌላው የተዘጋ ነው። የጎጃምና የሸዋ ፉክክር ከባሕርይ ወይም ከወገን ጥላቻ የመጣ አልነበረም፤ ሥሩ ይህ የንግድ ካርታ ነው።

በዚህ ካርታ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አንድ ነገር ጨመሩ። በ1870 ዓ.ም. በልቼ በተደረገው ስምምነት ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ትተው፣ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ሲገቡ፣ የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸድቆላቸው ነበር። በጥር 1873 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳል ተሰማን ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሧቸው። የተሰጣቸው ማዕርግ የጎጃምና የከፋ ንጉሥነት ነበር። ከፋ በዚያን ጊዜ የራሷ ንጉሥ ያላት አገር ናት፤ በዮሐንስ እጅም አልነበረችም። ማዕርጉ እንግዲህ ስጦታ ሳይሆን ፈቃድ ነበር፤ ሄደህ ውሰድ የሚል ፈቃድ። ወደ ከፋ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የምኒልክ የጦር አበጋዝ ራስ ጎበና ዳጬ በየዓመቱ እየገፉ በሚመጡበት አገር በኩል ያልፋል።

የዮሐንስ ስሌት እንደ ስሌት የሚናቅ አይደለም። በ1868 ዓ.ም. ብቻ በጉንደትና በጉራዕ ሁለት ጊዜ ከግብፅ ጦር ጋር የተዋጉ ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ዓይናቸው ዘወትር ወደ ባሕሩ ነበር። ደቡቡን የሚጠብቁበት ጦር ስላልነበራቸው፣ ሁለት ኃይለኛ ንጉሦች እርስ በርስ እንዲጠባበቁ አደረጉ። አንዱ ቢያብጥ ሌላው ይገታዋል፤ ሁለቱም ዳኝነት ፍለጋ ወደ መካከለኛው ዙፋን ይመለከታሉ። ብዙ የመሥሪያ ቤት አለቆች ዛሬም ይህን ያደርጋሉ፤ ሁለት ብርቱ ሰዎችን ለአንድ ወንበር ያጩና በፉክክራቸው ራሳቸውን ያስጠብቃሉ።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ኤድዋርድ ላዚርና ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኛ በሠራው መጠን ሳይሆን ከባልደረባው በልጦ በመገኘቱ ሲሸለም ትጋት እንደሚጨምር አሳይተው ነበር። ላዚር ከስምንት ዓመት በኋላ ነገሩን ከጀርባው ተመለከቱት። ሽልማቱ በመብለጥ ብቻ ከሆነ፣ ለመብለጥ ሁለት መንገድ አለ፦ ራስን ማሳደግ ወይም ሌላውን መጣል። የሽልማቱ ልዩነት በሰፋ ቁጥር ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ያጓጓል፤ በተለይም ተፎካካሪው በክንድ ርቀት ላይ ሲሆን። እምባቦ የዚህ ሐሳብ ደም የፈሰሰበት ምሳሌ ነው። የጎጃሙ አዝማች ራስ ደርሶና የሸዋው ራስ ጎበና በጊቤ አገር ግብር ሲሰበስቡ ተጋጩ፤ የአዝማቾቹ ግጭት የጌቶቻቸው ሆነ፤ የጎበና ፈረሰኛም ነገሩን ለምኒልክ ጨረሰው።

ከድሉ በኋላ የሆነው ግን የተለመደው አልነበረም። ምኒልክ የቆሰለውን ምርኮኛ አስታመሙት፤ እንደ ንጉሥም ያዙት። ሲነገር የኖረ አንድ ወግ አለ፦ ምኒልክ ምርኮኛቸውን፣ ድሉ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉኝ ነበር ብለው ይጠይቋቸዋል፤ ተክለ ሃይማኖትም፣ ቈራርጬ ለጅብ እሰጥዎ ነበር ብለው በግልጽ ይመልሳሉ። ወጉ ቃል በቃል መፈጸሙ አጠራጣሪ ነው። ሰው ለምን ሲያወራው እንደኖረ ግን ግልጽ ነው። ምርኮኛው ሽንፈቱን ተቀብሎ እንኳ አልለሰለሰም፤ ማራኪውም መልሱን እንደ ስድብ አልቈጠረውም። ተፎካካሪን የሚያውቅ ሰው ከእርሱ ፍቅርን አይጠብቅም። ምኒልክ በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ዐሥር ዓመት ያህል በቁም እስር ያደጉ፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የወጡ ሰው ናቸው፤ ተማርኮ መኖር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ግን ተቈጡ። ያለ ፈቃዳቸው ተዋግተዋልና ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን ወስደው ለልጃቸው ለአርአያ ሥላሴ ሰጡ፤ ከተክለ ሃይማኖትም አገው ምድርን ወሰዱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ፣ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለአርአያ ሥላሴ ተዳረች። ላይ ላዩን ሲታይ ፍርዱ እኩል ነው፤ እኩልነቱ ግን ጉዳት ነበረው። ለአሸናፊው የድሉን ፍሬ፣ የጊቤን ማዶ፣ አልነፈገውም፤ ለተሸናፊውም ካሣ አልሰጠውም፤ ለሁለቱ ግን እስከዚያ ቀን ያልነበራቸውን አንድ ነገር ሰጣቸው፦ የጋራ ቅሬታ። በተወዳዳሪዎች ላይ የተቀመጠ ዳኛ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሲያስከፋ፣ እርስ በርስ ከመፎካከር ይልቅ በዳኛው ላይ መተባበር የሚያዋጣበትን ቀን ያፋጥናል።

ያ ቀን የመጣው በ1880 ነው። በጥር ወር ተክለ ሃይማኖት በሣር ውኃ ላይ የደርቡሹን አዝማች የአቡ አንጃን ጦር ገጥመው ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ምኒልክ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ወደ በጌምድር ቢዘምቱም የደረሱት ጠላት ከተመለሰ በኋላ ነበር። ዮሐንስ በዚያው ጊዜ ወደ ሰሐጢ ወርደው ከጣሊያኖች ጋር ተፋጠው ነበርና ተክለ ሃይማኖት የተሸነፉት ለብቻቸው ነው። ምኒልክ ወደ ሸዋ ሲመለሱ ሁለቱ ንጉሦች ተገናኝተው ቃል ተግባቡ። ዮሐንስ ይህን ሲሰሙ ጦራቸውን ወደ ጎጃም አዞሩ፤ አገሩንም አጠፉት። ከዚያ ወደ ሸዋ ለመሻገር ዐባይ ዳር ደርሰው ሳለ ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ መተማ ዘመቱ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ወደቁ። የጎጃም ገበሬ የከፈለው ዋጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች ይነገራል። ሁለቱ ንጉሦች ሲጣሉም ሲታረቁም የተቃጠለው የእርሱ ቤት ነበር።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከእንግዲህ ተፎካካሪ ሳይሆኑ የተፎካካሪዎች አለቃ ናቸው፤ በዮሐንስ ቦታ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ያሉት ሰዎችም የዋዛ አልነበሩም። በጎጃም ንጉሥነቱን ያላጣ ተክለ ሃይማኖት አለ። በትግራይ የዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ፣ ከጎኑም ራስ አሉላ አሉ። በወሎ ራስ ሚካኤል፣ በየጁ የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ራስ ወሌ፣ በሐረር ራስ መኰንን አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለተኛ መሆንን ወድዶ የሚቀበል አልነበረም።

ምኒልክ ከዮሐንስ አሠራር ሁለት ነገር ለወጡ። አንደኛው፣ ለሁለት ሰው አንድ ሜዳ አለመስጠት ነው። የተክለ ሃይማኖት ንጉሥነት በጎጃም ላይ ጸንቶ ቀረ፤ የከፋው ማዕርግ ግን በሥራ ላይ የሚውልበት መንገድ ተዘጋ፤ ከዐባይ ደቡብ ያለው ሁሉ የመካከለኛው ሆነ። መኰንን ወደ ኦጋዴን፣ ሌሎቹም ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ዳር ድንበር ተሰጣቸው። ሰው ሊበልጥ የሚችለው ወደ ፊቱ በመሄድ እንጂ ጎኑ ያለውን በመግፋት እንዳይሆን የሜዳው አቀማመጥ ራሱ አስገደደ። በእምባቦ የተማሩትን ያህል ነው ይህን ያደረጉት ማለት ይቻላል፤ እምባቦ የተፈጠረው በክንድ ርቀት ነበርና።

ሁለተኛው ከእርሳቸው የመነጨ ሳይሆን ቀድሞ የነበረን ሥርዓት በሚገባ መጠቀም ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር የትም ቢሰፍር አንድ ዓይነት ቅርጽ ነበረው። የቀኝ አዝማችና የግራ አዝማች፣ የፊታውራሪና የደጀን ቦታ የታወቀ ነው፤ የእያንዳንዱ መኰንን ድንኳን ከንጉሡ ድንኳን ያለው ርቀትና አቅጣጫ ክብሩን ይናገራል። ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በየምሽቱ እንደገና አይከፈትም፤ ካስማው ሲተከል መልስ አግኝቷል። ከጦርነት በኋላ ደግሞ ፉከራ አለ። ፉከራን እንደ ጉራ ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ይስታል። ተዋጊው በንጉሡ ፊት ወጥቶ ግዳዩን ጥሎ የሠራውን ሲዘረዝር፣ ዙሪያውን የቆሙት በዚያው ሜዳ የነበሩ ተፎካካሪዎቹ ናቸው። ያላደረገውን ቢናገር የሚያጋልጡት እነርሱ ናቸው፤ ያደረገውን ቢናገር የሚመሰክሩለትም እነርሱ ናቸው። ሹመቱና ሽልማቱ፣ ለምዱና የወርቅ ጌጡ፣ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙ ድርጅት የሠራተኛውን ሥራ ለመመዘን በየዓመቱ ቅጽ ያስሞላል፤ ባልደረቦቹ ቆመው በሚሰሙበት አደባባይ የሚደረግ ምዘና ግን በምንም ቅጽ አይተካም። የሥርዓቱ ጉድለት በጦር ሜዳ ላይ ብቻ መሥራቱ ነው፤ አገር በሰላም ሲተዳደር የሚፎከርበት ግዳይ አይገኝም።

ከሁሉ አስቸጋሪው ራስ መንገሻ ነበሩ። የፈለጉት የአባታቸውን ዙፋን፣ ቢያንስ የትግራይን ንጉሥነት ነው። ጣሊያኖች ይህን ያውቁ ነበር። በመካከላቸውም ሁለት ፖሊሲ ይከራከር ነበር፤ አንዱ በሸዋ በኩል ከምኒልክ ጋር መወዳጀት፣ ሌላው በትግራይ በኩል መኳንንቱን በምኒልክ ላይ መያዝ። የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ ምክንያት ሲፈርስ ሁለተኛው ወገን በረታ፤ በኅዳር 1884 ዓ.ም. ከመንገሻና ከትግራይ መኳንንት ጋር በመረብ ወንዝ ላይ ስምምነት ተደረገ። ከፋፍሎ የመግዛት ዕቅድ ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይም ጥሩ ዕቅድ ነበር። የጎደለው ነገር ጣሊያኖች ለመንገሻ የሚፈልገውን ሊሰጡት አለመቻላቸው ነው። መሬቱን ራሳቸው ይመኙት ነበርና። ተስፋ የተሰጠው ተፎካካሪ ተስፋው ባዶ መሆኑን ሲያይ ከማንም በላይ መራራ ጠላት ይሆናል። በ1886 መንገሻ አሉላን አስከትለው፣ ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ገቡ። ምኒልክ ተቀበሏቸው፤ ንጉሥነቱን ግን አልሰጧቸውም። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ከፈይ ወሌ ተዳረችላቸው፤ ተፎካካሪን በጋብቻ ማሰር የቆየ ዘዴ ነውና። በጥር 1887 ዓ.ም. በኰዓቲት ከጣሊያን ጋር የተዋጉት እኚሁ መንገሻ ናቸው።

የክተት ዐዋጁ በመስከረም 1888 ሲታወጅ ጄኔራል ባራቲየሪ አንድ ነገር ላይ ተስፋ ጥለው ነበር፦ ይህን ያህል ጦር በአንድ ቦታ ብዙ ሊቆይ አይችልም። ስንቅ ያልቃል፤ መኳንንቱ ይጣላሉ፤ እያንዳንዱ ወደ አገሩ ይመለሳል። የስንቁ ነገር እውነት ነበር። ወደ 100 ሺህ የሚገመተው ጦር በየካቲት አጋማሽ ምግቡን ጨርሶ ሊመለስ ተቃርቦ ነበር፤ አገሩም ከክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሕዝቡ ከተራበበት ዘመን፣ ገና አላገገመም። የመኳንንቱ መጣላት ግን አልመጣም። የከዱት በተቃራኒው ከጣሊያን ጋር የነበሩት ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ናቸው፤ ከነሰዎቻቸው ወደ ምኒልክ ዞሩ። ባራቲየሪ ከሮም ግፊት ጋር ተዳምሮ መጠበቅ አልሆነላቸውም፤ ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ጦራቸውን በሌሊት አንቀሳቀሱ። ጦርነቱ የሚታወቅ ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም። የጣሊያን ብርጌዶች በተራራው መካከል ተለያይተው አንድ በአንድ ተመቱ። አንድ እንዲሆን የተጠበቀው ጦር ተለያየ፤ እንዲለያይ የተጠበቀው አንድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ እንደ ጥበብ ብቻ መዘርዘር ግን ሒሳቡን ግማሽ መሥራት ነው። ሜዳው የሰፋው ከባዶ አይደለም። ለእያንዳንዱ መኰንን የራሱ ድንበር የተገኘለት የሌሎች አገር ስለተወሰደ ነው። ከዐድዋ በፊት በአርሲና በወላይታ፣ ከዐድዋ በኋላ በ1889 በከፋ የተካሄዱት ዘመቻዎች ያደረሱት እልቂትና ዘረፋ፣ የተሸጠው ሰው፣ ገባር ሆኖ ለባለ ጠመንጃ የተሰጠው ገበሬ፣ የሰሜኑ መኳንንት ሰላም ዋጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ፣ የሁለት ሰዎች ድምሩ ዜሮ የሆነ ጨዋታ ወደ ትርፍ የተለወጠው ወጪው ወደ ሦስተኛ ወገን ስለተላለፈ ነው። የጅማው አባ ጅፋር ሁኔታውን ቀድመው አንብበው፣ ሳይዋጉ ገብረው፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ዘመን አስከበሩ። የከፋው ጋኪ ሸሮቾ ተዋጉ፤ ተማርከውም ተወሰዱ። በእምባቦው ምርኮኛ ላይ የታየው ምሕረት ለከፋው ምርኮኛ አልደረሰም፤ ዙፋኑ አልተመለሰለትም። ስለዚያ ምሕረት ሲጻፍ ይህ ልዩነት አብሮ መጻፍ አለበት።

በሰሜንም ቢሆን አሠራሩ ወሰን ነበረው። መንገሻ የፈለጉትን ስላላገኙ በ1891 ዓ.ም. ሸፈቱ። መኰንን ዘምተው ጸጥ አደረጓቸው፤ መንገሻ በአንኮበር ታሰሩ፤ ከእስር ሳይወጡም ሞቱ። ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ሲያርፉ ምኒልክ ጎጃምን ለአንድ ሰው አልሰጡም፤ ከፋፍለው ለተለያዩ ገዥዎች አደሉት፤ የጎጃም ንጉሥነትም በእርሳቸው ዘመን ዳግመኛ ለማንም አልተሰጠም። ከዚያ በኋላ ለማንም የክፍለ ሀገር ንጉሥነት አልሰጡም። በ1900 ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ይህ ፉክክሩን ከሰፈር ወደ ቢሮ ለማዛወር የተደረገ ሙከራ ነበር። ሕመማቸው ግን ሥራውን ሳይጨርሱ አልጋ ላይ አዋላቸው፤ ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአንድ ሰው ዳኝነት ስለነበር፣ ሰውየው ሲታመም ጥያቄው እንደገና ተከፈተ።

በግንቦት 1906 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አባታቸውን ራስ ሚካኤልን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አደረጓቸው። ምኒልክ ለመንገሻ የነፈጉት፣ ከተክለ ሃይማኖት በኋላም የዘጉት ማዕርግ ተመለሰ። በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ የወሎና የሸዋ ጦር ተጋጠመ። የሸዋውን ጦር የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው በቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። በእርሳቸው ላይ ግን እንደ እምባቦው አልተደረገም፤ በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ በድል አድራጊው ሰልፍ መካከል ተመሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በእስር ላይ እንዳሉ አረፉ።